«እንስሳ አይነካውም» ተብሎ የሚሸጥ ችግኝ፦ ጅማ ላይ ቃሉን የሚጠብቀው የትኛው ነው?

ጅማ ላይ ችግኝ ፈልጎ ማጣት የለም። በመንገድ ዳር ችግኝ ጣቢያዎች ጽጌረዳው፣ ሂቢስከሱና ቦገንቪሊያው በጥቁር ላስቲክ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል፤ ሐሙስ ገበያ ደግሞ ጤና አዳሙና አሪቲው በእቅፍ ይወጣል። ችግሩ የሚጀምረው ከተተከለ በኋላ ነው። ግቢው የቡና ማሳ ወይም ጫካ ጥግ ከሆነ ማታ ማታ ድኩላና ሚዳቋ ይገቡበታል፤ ከተማ መሀል ከሆነ የሰፈሩ ፍየል በቀን ይጨርሰዋል። ሻጩን «ይሄ ይበላል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ኧረ እንስሳ አይነካውም!» ይህ ግምገማ ያንን መልስ በየችግኙ ይፈትሻል።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጥ። በውድ የሚሸጠው የውበት ችግኝ አብዛኛው የሚበላ ነው። የሚተርፈው ለወጥ፣ ለመድኃኒትና ለአጥር ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው፣ ወይም ከጎረቤት አጥር ላይ በነጻ የሚቆረጠው ነው። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ብቻ ብትይዙ እንኳ ከብዙ ኪሳራ ትድናላችሁ።

ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት «እንስሳ አይበላቸውም» የተባሉ ተክሎች ዝርዝሮች በአብዛኛው የተጻፉት ለአሜሪካና ለአውሮፓ አጋዘን ነው። በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ አዲስ የሚያበቅለው የዚያ አጋዘን ወገን ኢትዮጵያ ውስጥ የለም፤ በአፍሪካም በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። የእኛዎቹ ድኩላና ሚዳቋ ለፍየልና ለከብት የቀረቡ ናቸው። ሆኖም ዝርዝሮቹ ጨርሶ አይረቡም ማለት አይደለም፤ ሁሉም የሚያመሰኩ ናቸው፣ ሁሉም ቅጠል የሚመርጡት በማሽተትና በመቅመስ ነው። የሚለየው የተክሉ ዓይነትና አየሩ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውና በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የምታገኘው ጅማ፣ ደረቅ አገር የለመደ ተክል ሥሩ የሚበሰብስባት ቦታ ናት። ላቬንደር ጥሩ ምሳሌ ነው። ሽታው እንስሳ ያርቃል፤ ነገር ግን ሜዳ ላይ ከተተከለ ሐምሌና ነሐሴን መሻገር ይከብደዋል። የአበባ ማሰሮ ውስጥ በአሸዋማ አፈር፣ ከበረንዳ ጣሪያ ስር ካልሆነ አትግዙት።

ችግኝ ከመምረጥ በፊት የሚበላው ማን እንደሆነ ማወቅ ይገባል፤ ማስረጃው የተበላው ጫፍ ላይ አለ። ድኩላም፣ ሚዳቋም፣ ፍየልም፣ በግም የላይኛው የፊት ጥርስ የላቸውም። ቅጠሉን በታችኛው ጥርስና በላይኛው ድድ ይዘው ይገነጥሉታል እንጂ አይቆርጡትም። ስለዚህ የሚቀረው ቅርንጫፍ ጫፉ የተበጫጨቀ፣ ልጡ ክር ክር እያለ የተንጠለጠለ ነው። ጥንቸል ከሆነ ግን በምላጭ የተቀነጠበ ይመስል ሰያፍና ንጹሕ ቁርጥ ታያላችሁ። ከመሬት አጠገብ ልጡ ተልጦ እንጨቱ ላይ የጥርስ ጭረት ካለ፣ ወይም ሥሩ ተቆፍሮ ከተበላ ጃርትን ጠርጥሩ። ፍየልን ከዱር እንስሳ የሚለየው ሰዓቱ ነው፤ ፍየል ማታ በረት ትገባለች፣ ድኩላና ሚዳቋ ግን የሚወጡት ሲመሽ፣ ሌሊትና ሊነጋጋ ሲል ነው። ከፍታውም ይናገራል። የሚዳቋ ጉዳት ከጉልበት እስከ ጭን ባለው ከፍታ ላይ ይበዛል፤ ፍየል በኋላ እግሯ ቆማ ከሰው ደረት በላይ ያለውንም ታወርዳለች።

አንድ ተክል የሚተወው በምክንያት ነው። ወይ ቅጠሉ ጠንካራ ሽታ ያለው ዘይት ይዟል፣ ወይ ሲቀነጠስ የሚያቃጥል ወተት ያወጣል፣ ወይ መራራ ነው፣ ወይ ለማኘክ የሚያስቸግር ቃጫ የበዛበት ነው፣ ወይ አፍ የሚወጋ ጥቃቅን ክሪስታል አለው። ሻጩ «አይነካውም» ሲላችሁ «ለምን?» በሉት። መልስ ከሌለው ራሳችሁ አንድ ቅጠል በሁለት ጣት አሽታችሁ አሽትቱ። ሽታው ከእጃችሁ ቶሎ ካልጠፋ ጥሩ ምልክት ነው። እሾህ ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም፤ ጽጌረዳን ያየ ሰው ይህን ያውቃል።

ከሁሉ በፊት የምናስቀምጠው ሰንሰል ነው፤ ስሚዛ የሚሉትም አሉ፣ በኦሮምኛ ዱሙጋ ይባላል። ከአምስት አምስት ይገባዋል። ነጭ አበባው ለንብ ይሆናል፣ ቅጠሉን ከብትም ፍየልም አይሻውም፣ ለዚህም ነው ከጥንት ጀምሮ የአጥር ተክል የሆነው። ችግኝ ጣቢያ ሄዶ መግዛት አያስፈልግም፤ ቁራጩን ከጎረቤት መለመን ይበቃል። አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ቡናማ መሆን የጀመረ፣ አውራ ጣት የሚያህል ግንድ ምረጡ። ርዝመቱ ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ይሁንና ቢያንስ ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ፣ ሁለት አንጓ ከአፈር በላይ ይቅር። የታችኛውን ጫፍ ሰያፍ፣ የላይኛውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ እንዲህ ካልተደረገ ብዙ ቁራጭ ሲከመር ላይና ታቹ ይምታታል፣ ተገልብጦ የተተከለ ደግሞ አይበቅልም። በሁለት ረድፍ ትከሉ፤ በረድፎቹ መካከል 30 ሳንቲሜትር፣ በቁራጮቹ መካከል ከ20 እስከ 25። የሁለተኛው ረድፍ ቁራጭ የመጀመሪያው ረድፍ ክፍተት ፊት ለፊት ይግባ። ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ሰንሰል ዝም ከተባለ ወደ ላይ ይሮጥና ከሥሩ ይራቆታል፤ ሚዳቋ የምትሾልከው በዚያ ባዶ ቦታ ነው። ቁመቱ ወገብ ሲደርስ አናቱን ቁረጡት፣ ከጎንና ከሥር ያቆጠቁጣል። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ መከርከም ይበቃዋል።

ጤና አዳም ሁለተኛው ምርጫችን ነው። ቡና ላይ ጣል የምናደርጋት ያቺ ሽታ ለፍየልም ለሚዳቋም ትከብዳለች። በጽጌረዳ ወይም በጎመን መደብ ዙሪያ በየ40 ሳንቲሜትሩ ስትተከል ጥሩ ቀበቶ ትሆናለች። ሐሙስ ገበያ በእቅፍ ከሚሸጠው ላይ 10 ወይም 12 ሳንቲሜትር የሚሆን፣ አበባ ያልያዘ ጫፍ መርጣችሁ፣ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፋችሁ ጥላ ስር በእርጥብ አሸዋማ አፈር ብትሰኩት ሥር ያወጣል። ድክመቷ ሁለት ነው። ውሃ የሚተኛበት መሬት ላይ ሥሯ ይበሰብሳል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ግንዷ እንጨት ሆኖ መሀሏ ይከፈታል፣ ስለዚህ ተተኪ ማፍላት ግድ ነው። አንድ ጥንቃቄ አጥብቀን እንናገራለን፦ በፀሐይ ቀን ስትቆርጧት ጭማቂዋ ቆዳ ላይ ከቀረ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳውን አቃጥሎ ውሃ ያስቋጥራል። ጓንት አድርጉ፣ ወይም አመሻሽ ላይ ቆርጣችሁ በሳሙና ታጠቡ።

የጥብስ ቅጠልን፣ ሮዝመሪን ማለታችን ነው፣ ችግኝ ጣቢያዎች በላስቲክ ይሸጡታል፤ ዋጋውም ለሚሰጠው አገልግሎት አይበዛም። የጅሬን ዳገት ቀይ አፈር ውሃ ስለሚያሳልፍ እዚያ ግሩም ይሆናል። ቦዬ አካባቢ እንዳለው ዝቅ ያለና እርጥበት የሚይዝ መሬት ላይ ግን ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ ካልተሠራለት፣ ክረምት ላይ ከታች ጀምሮ ቅጠሉ እየጠቆረ ይሞታል። ገዢው «ውሃ ጠምቶት ነው» ብሎ ይጨምርበታል፤ እውነቱ ተቃራኒው ነው። በየ50 እስከ 60 ሳንቲሜትሩ ትከሉት፣ ጥብስ ባደረጋችሁ ቁጥር ጫፉን ቀንጥቡ፣ እየተጠጋጋ ይሄዳል።

ጠጅ ሳር ለዳር ጥሩ ነው። የበሰለ ቅጠሉ ጠርዙ ስለታም፣ ሽታውም ከባድ ነው፤ ዳገት ላይ አፈር ይይዛል። ግን ከሥሩ ታጭዶ አዲስ ለምለም ሲያወጣ ሊቀመስ ይችላል፣ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨዱት፤ አንዱን ዘላችሁ አንዱን እጨዱ። አሪቲ፣ ኮሰረትና ዳማከሴ ከዚሁ ቤተሰብ ባይሆኑም በጠረናቸው ያው ሥራ ይሠራሉ፣ መሀል መሀል ይግቡ። በሶብላም ሽታ አለው፤ ሆኖም ዓመቱን ሳይጨርስ የሚደርቅ ስለሆነ እንደ ቋሚ ቀበቶ አትቁጠሩት።

«ታዲያ ውበቱስ?» ለሚል ሰው፣ ከችግኝ ጣቢያ ከሚሸጡት ውስጥ ያለ ስጋት የምንመክረው ጥቂት ነው። ለገና ሰሞን አናቱ ላይ ያሉት ቅጠሎች ቀይ የሚሆኑት ፖይንሴቲያ ጅማ ላይ ዛፍ እስከሚመስል ያድጋል፤ ወተቱ ይጠብቀዋል። ነጩ ካላ ሊሊ እርጥብ መሬት ስለሚወድ የጥብስ ቅጠል የማይሆንበት ቦታ የእሱ ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ክሪስታል አፍ ያቃጥላል። ሰማያዊ አበባ ያለው አጋፓንተስ፣ እሬትና ሽታ ያለው የጄራኒየም ዓይነት ይከተላሉ። ጄራኒየም ስትገዙ ቅጠሉን አሽታችሁ አረጋግጡ፤ ሽታ የሌላቸው ዓይነቶች ሲበሉ ይታያሉ። ቦገንቪሊያ መካከለኛ ነው። የጠነከረው ግንድ በእሾሁ ይጠበቃል፣ ለስላሳው አዲስ ቡቃያ ግን ይቀረጠፋል፤ ከሰው ቁመት በላይ እስኪወጣ ድረስ በሽቦ መረብ መከለል አለበት።

የሚወድቁት እነማን ናቸው? ጽጌረዳ ቀዳሚ ናት። እሾኋ ግንዱን እንጂ ቡቃያውንና እምቡጡን አያድንም፣ በተለይ ከተገረዘች በኋላ የምታወጣው ቀይ ለስላሳ ቅጠል ለፍየል ግብዣ ነው። ሂቢስከስም እንዲሁ። ስኳር ድንች፣ ቦሎቄና ጎመን ሳይከለሉ ከቀበቶው ውጭ መትከል ደግሞ እንስሳውን መጥራት ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነን ግን ሰስባኒያ፣ ትሪሉሰርንና ሉኬኒያ «ቶሎ የሚያድግ አጥር» እየተባሉ ሲሸጡ ነው። እነዚህ የመኖ ዛፎች ናቸው፤ እንዲበሉ የተመረጡ ናቸው። ለከብት መኖ የሚፈልግ ሰው ይትከላቸው፣ አበባ ለማዳን የሚፈልግ ግን ከአጥሩ ያርቃቸው። ግራዋም ብዙ ሰው ያሳስታል። ለእኛ አፍ መራራ ስለሆነ ለፍየልም የሚመር ይመስለናል፤ ፍየል ግን ትበላዋለች፣ እንደ መኖም ይሰጣል። የሰው ምላስ መመዘኛ አይሆንም።

መርዛማ መሆንና አለመበላትም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአቮካዶ ቅጠል ፍየልን ይጎዳል፣ ሆኖም ፍየል ትቀምሰዋለች። ይህ ወደ ኦሊያንደር ያመጣናል። ሮዝና ነጭ አበባው ያማረ፣ እንስሳ የማይነካው ተብሎ በድፍረት የሚሸጥ ቁጥቋጦ ነው። ለምለም ሳለ እውነትም አይነኩትም። ግን ሁሉ ነገሩ፣ ቅጠሉም ግንዱም አበባውም፣ ልብ የሚያቆም መርዝ አለው፤ ሲደርቅ መርዙ አይጠፋም፣ እንስሳው ግን አይሸሸውም። አደጋው ያለው ከርክማችሁ ከአጥር ውጭ የምትጥሉት ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ የጎረቤት ላም ደርቆ ታገኘዋለች። ጭሱም ይጎዳልና አታንድዱት፣ እንጨቱ ለሥጋ መጥበሻ አይሆንም። ሕፃን ባለበት ግቢ አንመክረውም። ሻጮች ይህን ሳይናገሩ መሸጣቸውን አጥብቀን እንቃወማለን።

የወፍ ቆሎም ከዚሁ ተርታ ነው። አበባው ባለ ብዙ ቀለም ስለሆነ ያምራል፣ ከብት አይወደውም፤ ግን ወራሪ ነው። ፍሬውን ወፍ በልቶ የትም ይዘራዋል፣ የግጦሽ መሬት ይወርሳል፣ በልቶት የተገኘ ከብትም ጉበቱ ይጎዳል። ለአንድ ግቢ ውበት ሲባል የሰፈሩን ግጦሽ ማበላሸት ተገቢ አይደለም፤ ችግኙን በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ቅንጭብ ግን እንደ አጥር ይሠራል፣ አንድ ነገር ካወቃችሁ ብቻ፦ ወተቱ ዓይን ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል። ሲቆረጥ መነጽር ይደረግ፤ ከነካ በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ አጥባችሁ ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ መመለስ አለብን። «አይበላም የተባልኩትን ተክዬ በሳምንቱ ተበላብኝ» የሚል ገዢ ብዙ ነው፤ ሻጩ ሁልጊዜ ዋሽቶ አይደለም። ከችግኝ ጣቢያ የወጣ ተክል ውሃና ማዳበሪያ ጠግቦ፣ በጥላ ስር ያደገ ነው። ቅጠሉ ለስላሳ ነው፣ ሽታውን የሚሰጠው ዘይትም ገና አልበዛበትም። እንስሳው ደግሞ አዲስ የመጣን ነገር ሁሉ አንዴ ይቀምሳል፤ ትንሽ ችግኝ ነቅሎ ሊተፋውም ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ክረምትና ተከትሎት የሚመጣው በጋ ሳያልፉ የትኛውም ተክል ራሱን ይጠብቃል ብላችሁ አትተዉት። የአጋም ወይም የግራር እሾህ ዙሪያውን አጥሩበት። ከታች ክፍተት አይኑር፤ ሚዳቋ ከሥር ትሾልካለች፣ ድኩላ ከላይ ይዘላል። ዩሪያ አታብዙ፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ለምለምና ጣፋጭ ቡቃያ ይበዛል፣ የጠነከረው ቅጠል ይዘገያል። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ለአንድ ጉድጓድ ሁለት አካፋ ይበቃል፣ ጉድጓዱም ለቁጥቋጦ 40 በ40 በ40 ሳንቲሜትር ይሁን።

ወቅቱም ወሳኝ ነው። ዝናቡ ሲረጋ፣ ከሰኔ መግቢያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ የተተከለ ከታኅሣሥ በፊት ሥር ይሰዳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ጫካውም ማሳውም ሲደርቅ የተራበ ድኩላ በሌላ ጊዜ የሚያልፈውን ይበላል፤ ያን ጊዜ ውሃ እየጠጣ ለምልሞ የሚታየው የእናንተ ግቢ ብቻ ነው። በዚያ ወቅት በእንቁላል የሚሠራ ርጭት ይረዳል። ሦስት እንቁላል በአራት ሊትር ውሃ በደንብ ምቱ፣ የመርጫው አፍንጫ እንዳይደፈን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉ፣ ቅጠሉ ደረቅ ሳለ አመሻሽ ላይ እርጩ። ዝናብ ካጠበው ይደገማል፣ አዲስ ቡቃያ ሲወጣም ይደገማል። ለምግብ በሚቀጠፍ ቅጠል ላይ አይረጭም። ክረምት ላይ በዚህ ድካማችሁን አታባክኑ፤ የጅማ ዝናብ አያቆየውም። ወጥመድና መርዝ ግን አማራጭ አይደሉም። የዱር እንስሳ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ለድኩላ የተጠመደ ገመድም የጎረቤትን ውሻና ጥጃ አይመርጥም።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ የምንመክረው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። በዳር ሁለት ረድፍ ሰንሰል፤ ከሱ ቀጥሎ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሜትር ስፋት ያለው የጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና የጠጅ ሳር ቀበቶ፤ ጽጌረዳውና አትክልቱ ከዚያ ወዲህ፣ ቤቱ አጠገብ። ቀበቶው ጃርትን አያቆምም። ጃርት የሚፈልገው ከመሬት በታች ያለውን ነው፤ እንሰት፣ ጎደሬና ስኳር ድንች ላለበት ግቢ ከመሬት በታች 30 ሳንቲሜትር የተቀበረ የሽቦ መረብ ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ ያስፈልጋል። ዝንጀሮና ጦጣ ባሉበት ሰፈርም ይህ ምክር ለቅጠል እንጂ ለፍራፍሬ አይሠራም።

የት ይገዛ ለሚለው፣ ሽታ ያላቸውን ከሐሙስ ገበያ ሴቶች ግዙ፤ የሚሸጡት ከጓሯቸው፣ በጅማ ዝናብ ያደገ ነው፣ ስለዚህ አየሩን ለምዷል። ከችግኝ ጣቢያ ስትገዙ ላስቲኩን ከታች እዩ። ሥሩ በቀዳዳው ወጥቶ መሬት ከያዘ፣ ወይም ላስቲኩ ሲገለጥ ሥሩ ክብ ሠርቶ ከተጠመጠመ ተውት፤ ያ ችግኝ ለዓመት ቆሞ ይቀራል፣ ቆሞ የቀረ ደግሞ ይበላል። ብዙ ያበበውን ሳይሆን ግንዱ አጭርና ወፍራም የሆነውን ምረጡ። ወደ ቤት ስታመጡት ለአንድ ሳምንት ግማሽ ጥላ ላይ አቆዩት፣ ውሃውን ቀንሱ፤ ቅጠሉ ጠንከር ሲል ትከሉት።